ቀዩ ጨርቅ እስኪደርስ

ለወንድሜ ጓደኛ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህን የምጠይቅህ፣ ደብዳቤ በጠብ አይጀመርም ስለሚባል እንጂ ደህንነትህ አስጨንቆኝ አይደለም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የብስክሌት መጠገኛህን ከፍተህ ጎማ ስትነፋ አይቼሃለሁ። እኛ ቤት ግን እናቴ እህል አይወርድላትም። አባቴ የወንድሜን አልጋ ፈታትቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ክፍላችን ሰፍቶብኛል።

ከእንግዲህ ጋሼ አልልህም።

የብስክሌት ጉዟችንን ሕግ ያወጣችሁት አንተና ወንድሜ ናችሁ። ከመጨረሻ የሚነዳው «ጅራት» ይባላል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ መሪው በየድልድዩና በየአቀበቱ ጫፍ ቆሞ ቀዩን ሳያይ አይነሳም። አሥራ አንድ ሰው፣ የስድስት ቀን የገጠር መንገድ። አንተ ራስ፣ ወንድሜ ጅራት። እኔን እንደ ዕቃ መሃል አደረጋችሁኝ። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ አብራን የምትነዳው ነርስ «ትንሹም እኮ አንድ ቀን ጅራት ይሁን» ስትል፣ «እሱ ጅራት ከሆነ ሰልፉ እስከ ከርሞ አይደርስም» አልክ። ሁሉም ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። ዳቦዬን ትቼ ተነሳሁ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱን አልፈን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የወንድሜ ሰንሰለት ወለቀ። እናንተ ወርዳችኋል። እሱም ጨርቁን ፈትቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲነዘንዘው ለነበረው ሰው ሰጠው። «በል፣ እስከ ድልድዩ ብቻ። ስትደርስ ግን እኔ ከኋላ መሆኔን ንገራቸው» አለው።

ድልድዩ ላይ ቀዩን እንዳየህ «ጎበዝ፣ ጅራታችን ደረሰ!» ብለህ አጨበጨብክ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ። በዚያ ጭብጨባ መሃል ማንም ምንም አልተናገረም። ከጎማ ውስጥ አንዲት ሽቦ ብትጎድል በዓይንህ የምትለይ ሰው፣ እስከ አሥራ አንድ መቁጠር እንዴት አቃተህ? ተነሳህ፣ ተከተሉህ። ወንድሜ ሊደርስብን ሲጣደፍ ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ተመልሰን እስክናገኘው አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ሐኪሙ ለአባቴ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት» ያለውን ሰምተሃል።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ቤታችን መጥተህ የተናገርከው ነው። አባቴ «ጨርቁን ማን ነበር ያሰረው?» ብሎ ጠየቀህ። አንተ «ፀሐይ ዓይኔን መታኝ፣ አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው» አልክ። ውሸታም። ፀሐይዋ ከጀርባህ ነበረች። ዓይን የምትወጋው ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ሰው ነው፤ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማን ለመነህ? እናቴ ስምህ በተነሳ ቁጥር ትረግምሃለች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አሜን እላለሁ። አንተ ደግሞ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ፈተና እንዴት ነው?» ትለኛለህ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ምንም እንዳልሆነ ራስህን ስትነቀንቅልኝ ምን ያህል እንደምጠላህ አታውቅም።

ጨርቁ እስከ ትናንት ደብተሬ መሃል ነበር። ዛሬ አጥቤ እናቴ ከምታጥፈው ልብስ ሥር አድርጌዋለሁ። በሩ ገርበብ ስላለ ከዚህ ሆኜ አያታለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምርልህ ክምሩ እስከ ደረቷ ነበር፤ አሁን ሁለት ሸሚዝና የአባቴ ሱሪ ብቻ ቀርተዋል።

ጉልበትህን ይጠብቅልህ፤ እጅህን አይንሳህ። እሁድ ወደ ቤታችን ና። በሩን ማንም ባይከፍትልህ እኔ እከፍትልሃለሁ፣ ጋሼ።

የጓደኛህ ታናሽ ወንድም

ሱሪውን አነሳችው። እየጠራችኝ ነው።