ያን ያህል አይከፋም፦ የወይዘሮ አቤሎኔ ቶፍቱም የሕይወት ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ዕለተ ሐሙስ፣ በምዕራብ ዩትላንድ ዝናብ ዘነበ። በዚሁ ዕለት፣ ከሌምቪ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ወይዘሮ አቤሎኔ ቶፍቱም ከአባታቸው ከአቶ ክሬስተን ቶፍቱምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬን ተወለዱ። ዝናቡ እስከ እሑድ አላባራም። አዋላጇ ሕፃኗን አገላብጣ አይታ «ያን ያህል አትከፋም» ማለቷን እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን በኩራት ሲናገሩት ኖረዋል። በእኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ከዚህ አልፎ የሚያመሰግን ሰው ወይ ሊሸጥ የመጣ ነው፣ ወይ ትኩሳት ይዞታል።

አባታቸው ጭስ ማውጫ ጠራጊ ነበሩ። ልጃቸውን ከብስክሌታቸው ኋላ አስቀምጠው ከቤት ቤት ይዞሩ ስለነበር፣ ወይዘሮ አቤሎኔ ፊደል ሳይለዩ እሳት የሚለኮሰው ከላይ መሆኑን ለዩ። ወፍራሙ እንጨት ከታች፣ ፍልጡ መሐል፣ ጭራሮው ከላይ፣ ክብሪቱ ከሁሉም በላይ። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጭሱም መንገድ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል። አባታቸው «ጥሩ ጠራጊ መምጣቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ጭሱ ሲሄድ ነው» ይሉ ነበር። ይህ ቃል በልጅቱ ልብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። በኋላ ያመጣውን ጣጣ ወደፊት እናያለን።

በ1965 የሰባት ዓመት ትምህርታቸውን ጨርሰው አራት ዓመት ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ሠሩ። በ1969 በራውንስሞሴ የእንጨት ምድጃ ፋብሪካ በስልክ ተቀባይነት ተቀጠሩ። በ1975 ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ኤስኪል ጋር ትዳር መሥርተው በ1978 ልጃቸውን ሪግሞርን ወለዱ። አቶ ኤስኪል በ2003 ዐርፈዋል። ወይዘሮ አቤሎኔ ለቅሶው ባለፈ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ዘንድ ተመልሰው «ራውንስሞሴ ነው፤ ምን ሆኖባችሁ ነው?» ሲሉ ተሰምተዋል።

በ2011 ፋብሪካው መንገዳገድ ጀመረ። ከአባታቸው የወረሱት አቶ ላውስት ራውንስሞሴ ከከተማ የማስታወቂያ ሰዎች አስመጥተው የድርጅት ብሎግ አስከፈቱ። ብሎጉ «በሰሜን አውሮፓ አቻ ያልተገኘለት ምርጥ ምድጃ» እያለ ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ወር ጻፈ። አንባቢዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሰባቱ የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ለሃያ ዓመት ደንበኛ የነበሩ አንድ የአካባቢው ገበሬ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሱቁ ገብተው «ላውስት፣ ደኅና ነህ? ሚስትህስ ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ። ሌላ ምድጃ ሊገዙ አስበው እንደነበረና እንደተዉት ግን በጨዋነት አልነገሯቸውም።

በዚያው ሰሞን አቶ ላውስት ከስልኩ አጠገብ ቆመው ወይዘሮ አቤሎኔ ለደንበኛ ሲመልሱ ሰሙ። «የምድጃዬ በር መስታወት ለምን ይጠቁራል?» ላለ ሰው «እርጥብ እንጨት እያነደዱ ነው። ጋዜጣ አርጥበው አመድ ያስነኩና ይወልውሉት። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንጨቱን ዘንድሮ ይፍለጡ» አሉትና ስልኩን ዘጉ። ከዚያም «አርባ ዓመት ሙሉ ይኸው ጥያቄ! ቀድቼ ባጫውታቸው ይሻለኝ ነበር» አሉ።

«ይጻፉታ፣ እትዬ አቤሎኔ!» አሉ አቶ ላውስት።

«እጽፈዋለሁ። ስሜን እዚያ ላይ ካየሁ ግን በዚያው ሐሙስ ጡረታ እወጣለሁ።»

«ታዲያ በማን ስም ይውጣ?»

«ምድጃው የማን ነው? ያንተ አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጽሑፍ በላውስት ስም ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። እንዲህ ይል ነበር፦ «ትልቁ ምድጃችን ያን ያህል አይከፋም። ቤትዎ ጠባብ ከሆነ ግን አይግዙት፤ በጥር መስኮት ከፍተው ይቀመጣሉ።» ባለ ጠባብ ቤቶቹ ትንሹን ምድጃ ገዙ። ባርኔጣቸውን ያላወለቁት ገበሬም ተመልሰው ትልቁን አዘዙ። ወይዘሮ አቤሎኔ ደንበኛ በስልክ የጠየቃቸውን ቃል በቃል ርእስ ያደርጉት ስለነበር፣ ሌላ አገር ያለ ሰውም ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ሲጽፍ ራሱን እዚህ እኛ ዘንድ ያገኘው ነበር። በዓመቱ አንባቢው አርባ ሺህ ደረሰ። ተቀንሰው የነበሩ አምስት ሠራተኞችም ተመለሱ።

ጸሐፊው ማን እንደሆነ ፋብሪካው በሙሉ ያውቅ ነበር። ዳቦ ጋጋሪውም፣ ፖስተኛውም፣ ዛሬ በፊታችን የቆሙት ቄስም ያውቁ ነበር። ማንም ግን አልተናገረም። አቶ ላውስት መንገድ ላይ «የሐሙሱ ጽሑፍህ ደኅና ነበር» ሲባሉ «አመሰግናለሁ» እያሉ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

በ2017 የበልግ ገበያ ላይ የአካባቢው ነጋዴዎች አቶ ላውስትን ሸለሙ። አደባባዩ መሐል ምድጃ ተተክሎ «እስቲ በእጅዎ ይለኩሱልን!» ተባሉ። ሁለት መቶ ሰው እያየ፣ ጋዜጠኛ ካሜራ ደቅኖ፣ አቶ ላውስት ጎንበስ ብለው ክብሪቱን ከታች ሰደዱ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ሳሉ። አቶ ላውስት ቀና ሲሉ ወይዘሮ አቤሎኔ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ክብሪቱን እፍ ብለው አጠፉና «እንዲህ... ነው የማይለኮሰው» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋዜጣው «በምሳሌ የሚያስተምር ሰው» ብሎ ጻፈ። ማምሻውን ወይዘሮ አቤሎኔ ለልጃቸው «ዛሬስ ልቤ ቆሞ ነበር፤ ሳሌ እውነተኛ ነበር» ብለዋታል።

በ2024 ጸደይ ሁለት ወረቀት በአንድ ሳምንት መጣ። አንደኛው ከጀርመን ነበር፤ አንድ ትልቅ አከፋፋይ የራውንስሞሴን ምድጃ በአርባ ሱቆቹ ሊያስገባ ይፈልጋል። ደንበኞቹ የሐሙሱን ጽሑፍ እያነበቡ ስለሚጠይቁት፣ አቶ ላውስት ራሳቸው ለአንድ ዓመት ሐሙስ ሳያስታጉሉ መጻፍ አለባቸው፤ ይህ በውሉ ውስጥ ይገባል። ሽያጩ ዳግም ቀዝቅዞ ስለነበር፣ ይህ ውል ካልተፈረመ ፋብሪካው ገናን አይሻገርም፤ አሥራ ሰባት ሠራተኞቹም ይበተናሉ። ሁለተኛው ወረቀት የወይዘሮ አቤሎኔ የምርመራ ውጤት ነው። የቆሽት ካንሰር።

ለሐኪሟ ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ስንት ሐሙስ አለኝ?»

ሐኪሟ ግራ ገባት፤ በጣቷ ቆጠረች። «ሃያ... ሃያ አምስት ቢሆን ነው።»

«ያን ያህል አይከፋም» አሉና ወረቀት ጠየቁ። የሚያስፈልገው ሃምሳ ሁለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ይጽፉ ጀመር። አንዱ ለሐሙስ ይወጣል፤ ሌላው ቡናማ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው እየወፈረ፣ እሳቸው እየከሱ ሄዱ። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቶ ላውስትን ወጥ ቤታቸው አስቀምጠው መጻፍ ያስተምሯቸው ነበር። ሪግሞር ሳህን እያጠበች ትሰማ ነበር።

«‹ወደር የለውም›? ላውስት፣ ይህን ሰው ፊት ቆመህ ብትናገረው አታፍርም?»

«ታዲያ ምን ልበል፣ እትዬ?»

«ምን እንደማይችል ንገራቸው። የሚችለውን ራሳቸው ያገኙታል።»

አቶ ላውስት ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ያልባቸዋል። ሴፕቴምበር ውስጥ በአንዱ ሰኞ እስክሪብቶውን ጣሉት። «ለጀርመኖቹ እውነቱን ልንገራቸው። አልችልም!»

«አሥራ ሰባቱን ማን ሊቀጥራቸው ነው? አንሣው» አሏቸው። አነሡት።

በኦክቶበር መጨረሻ እጃቸው እስክሪብቶ መያዝ ሲያቅተው ሪግሞር ጻፈችላቸው። ኖቬምበር 11፣ ሰኞ፣ ፖስታውን ለአቶ ላውስት በእጃቸው ሰጡ። «አርባ ዘጠኝ ነው። ሦስቱን አንተ ሙላ። ስሜን እንዳታነሣ፤ የአባቴን ቃል ታውቀዋለህ።» አቶ ላውስት ፖስታውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ።

ወይዘሮ አቤሎኔ ቶፍቱም በማግስቱ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 12 ቀን 2024፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጃቸው ባለችበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የሚያዝኑላቸው ልጃቸው ሪግሞር፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና አሥራ ሰባት የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። እሳትን ከላይ የሚለኩስ አምላክ ነፍሳቸውን ጭስ በሌለበት ስፍራ ያኑርልን።

ይህ የሕይወት ታሪክ ረቡዕ ተጽፎ ያለቀው እዚህ ላይ ነበር፤ ስለ ብሎጉም አንድ ቃል አልነበረበትም። «ሃምሳ አምስት ዓመት በታማኝነት ስልክ አነሡ» ብቻ ይል ነበር። ሐሙስ በድጋሚ መጻፍ ግድ ሆነ።

የጀርመኑ ውል የሚፈረመው የፊታችን ሰኞ ነው። ቡናማው ፖስታ ሳይከፈት አቶ ላውስት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ግን ብሎጉ እንደ ወትሮው ወጣ። ሪግሞር የአጃ ዳቦዋን እንደያዘች አነበበችው። አንድም ቃል መሰረዝ የማያስፈልገው፣ አቶ ላውስት ራሳቸው የጻፉት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ባለፈው ሳምንት ስለ ጭስ ማውጫ ዝገት ለጠየቃችሁኝ፦ መልሱን አላውቀውም። ድሮም አላውቀውም ነበር። የሚያውቁት አቤሎኔ ቶፍቱም ማክሰኞ ዐርፈዋል። ያን ያህል አይከፉም ነበር። ላውስት።»