ፀሐይን ተቃርና የዞረች ጀልባ

ሳንድቮ፣ ሼትላንድ
ሐሙስ፣ ሜይ 9

ታትሟል። መጽሐፉ ታትሟል፣ ኦስላ። የአያትሽ ተረት ከነሥዕሎችሽ፣ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ፣ ስምሽ ከአባትሽ ስም በላይ ሰፍሮ፣ ማክሰኞ ዕለት በጭነት መርከቡ መጣ። ይኸው ክፍልሽ ውስጥ፣ አልጋሽ ላይም ጭምር፣ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሯል። እኔ ደግሞ ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ስዞር ነው የሰነበትኩት።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እንዴት ናችሁልኝ ልጆቼ? የባልሽ የሄሚ ወገብ ተሻለው? ቶራ ያ የሚነቃነቀው ጥርሷ ወለቀላት ወይስ አሁንም በምላሷ ትገፋዋለች? ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ዳሩ ግን ስልኩ ያለው አባትሽ ወንበር አጠገብ ነው። ሞባይሉ ደግሞ የጓሮው ግንብ ላይ ካልወጣሁ አይሰማም፤ እዚያ ላይ ቆሜ ከጮህኩ ወሬው ኒውዚላንድ ሳይደርስ ከግንቡ ማዶ እትዬ ጄሚማ ቤት ይገባል። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን። ደብዳቤ ሲጽፉ ማንም አያቋርጥም።

ደስ ብሎኛል፤ አባትሽ ግን በወጉ እንድደሰት አልፈቀደልኝም። አሳታሚ ከማግባት መርከበኛ ማግባት ይሻላል ትል የነበረችው እናቴ እውነቷን ነው። መርከበኛ ቢያንስ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ በአሁኑ ሰዓት ያሉት የዓሣ ነባሪ አዳኞች ትዝታዎች የሚለው መጽሐፍ ያልተሸጡ ቅጂዎች ናቸው፤ ከነሱ በፊት የረግረግ ወፎች ነበሩ። ገላዬን የምታጠበው እትዬ ጄሚማ ቤት ሄጄ ነው። በደረጃው በግራ በኩል ግጥም፣ በቀኝ በኩል ግጥም፤ እንግዳ ሲመጣ በጎኑ ነው የሚወጣው። የአሳታሚ ድርጅቱን ስም ኑስት ብሎ ሲያወጣለት መጥፎ ዕድል ነው ብዬው ነበር። ኑስት ጀልባ ተጎትታ የምትከርምበት ጉድጓድ አይደል? የእሱም መጻሕፍት ተጎትተው ይገባሉ፣ ወጥተው ግን አያውቁም።

የሹራብ ንድፉ መጽሐፍ ባይኖር ምን እንበላ እንደነበር አላውቅም። ከጃፓን ሳይቀር ያዙታል። አባትሽ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ግጥሞቹን ከፊት ያደርግና ሹራቡን ከኋላ ይደብቀዋል።

«ሎውሪ፣ የሚያበላህ እሱ ነው እኮ» ስለው፣

«እኔ አሳታሚ ነኝ፣ የሱፍ ነጋዴ አይደለሁም» ይለኛል። ይህን ሲለኝ የለበሰው ሹራብ ከዚያው መጽሐፍ ላይ አይቼ የሠራሁለት ነው።

ባለፈው ኦክቶበር ደግሞ አንድ ገጣሚ ከግላስጎው መጥቶ፣ ስለ አንዲት ሰረዝ ትነሳ አትነሳ ከአባትሽ ጋር ሲከራከር ከርሞ፣ የሠራሁትን ሾርባ በድስት በድስት ጨርሶ ሄደ። ሰረዟ ቀረች። ሾርባው ግን አልቀረም።

ወደ መጽሐፍሽ ልመለስ፣ ወሬ ይዞኝ ይሄዳል።

ያን የአዳራሹን ቀን አንቺም እንደማትረሺው አውቃለሁ። ሌላ አገር ያለ አሳታሚ ጠበቃ ያማክራል፣ አባትሽ እትዬ ጄሚማን ያማክራል፤ የኑስት ደንብ ነው። ማንኛውም መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ይነበባል፣ ሥዕል ካለው ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ያንቺ ሥዕል፣ የተረቱ ልጅ በጀልባ ከቤቱ ሲወጣ የሚያሳየው፣ ጋሼ ኤርቲ ዘንድ ሲደርስ በዱላቸው ወለሉን መቱ።

«ይቺ ጀልባ ከዳር ስትነሳ ፀሐይን ተቃርና ነው የዞረችው» አሉ። «በፀሐይ መንገድ ያልዞረች ጀልባ አትመለስም። ለልጆች እንዲህ ያለ ነገር አታሳዩ።»

አባትሽም ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አስተካክይው» አለሽ።

«አላስተካክልም። እንደዚያ የዞረችበት ምክንያት አላት» አልሽው።

«አባቴም አያቴም በፀሐይ መንገድ ነው የዞሩት።»

«እንግዲያው እነሱ ይሳሉልህ።»

ሁለታችሁም አንድ ዓይነት አገጭ ነው ያላችሁ፤ ያን ቀን ሁለቱም አገጮች ወደ ላይ ወጥተው ቀሩ። ከኒውዚላንድ የመጣልሽን ሥራ «እስቲ ላስብበት» ስትይ የከረምሽው፣ በሳምንቱ ሻንጣሽን ዘጋሽ። እሱም ወደ ወደቡ አልሄድም ብሎ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ አንቺ ስትደውዪ «እናትሽን ላቅርብልሽ» ይላል፣ አንቺም «አቅርብልኝ» ትያለሽ። በመሃል የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ የሁለት አገር ፖስታ ቤት ሆኛለሁ።

የሚያናድደኝ ምን መሰለሽ? መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ያኔውኑ «ችግሩ ይሄ ብቻ ነው? በመስታወት እንደሚታይ አድርገን እናገላብጠዋለን፣ ጀልባዋም በፀሐይ መንገድ ትዞራለች» ብሎት ነበር።

አባትሽ ተቆጣ። «የልጄን የእጅ ሥራ አላገላብጥም።»

«እንግዲያው እንዳለ አሳትመው» አልኩት።

«ሽማግሌዎቹ እንቢ ያሉትን?»

«እንግዲያው ደውልና ጠይቃት።»

«እሷ ትደውል።»

የምትደውዪው ሁሉ ለእኔ ነው ብሎ፣ በዚህች «እሷ ትደውል» ላይ ነው መጽሐፉ ያን ሁሉ ዓመት የተቀመጠው። ሥዕሎችሽን በስስ ወረቀት ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ አድርጓቸዋል፤ እርጥበት እንዳይነካቸው በየጊዜው እያወጣ ያናፍሳቸዋል። እንደ አንሶላ። እኔ ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ያስመስላል።

ባለፈው ብርድ ወራት ግን ነገሩ ተለወጠ። አባትሽ የሚያርመውን ወረቀት አፍንጫው ላይ ለጥፎ ማንበብ ጀመረ። አምፖሉ ደካማ ነው አለኝ፣ ቀየርኩት። አዲሱም ደካማ ነው አለኝ። መኪናውን ከግቢው በር ምሰሶ ጋር አጋጨና «ይህን ምሰሶ ማን እዚህ ተከለው?» አለኝ፤ የገዛ አባቱ የተከለው ምሰሶ ነው። አበርዲን ወስጄው ሐኪም አይቶታል። ሐኪሙ ያለውን አትጠይቂኝ፤ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፣ እኔም አልነገርኩሽም። መኪናውን አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ከጎኔ ሆኖ መንገዱ ሲታጠፍ ከኔ ቀድሞ «ታጠፊ» ይለኛል። በቃሉ ያውቀዋል።

ከዚያ በፌብሩወሪ አንድ ቀን ምንም ሳይነግረኝ ጋሼ ኤርቲንና እትዬ ጄሚማን ጠራ። እኔ በጭልፋ ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። ሥዕሎቹን ከመሳቢያው አወጣና ጽሑፉን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቺ አንብቢው» አለኝ።

እኔን፣ ሚናን። ስንጋባ የጥሪውን ወረቀት እንኳ ከእጄ ነጥቆ ያነበበ ሰው።

ሾርባውን ትቼ አነበብኩ። እናትየው በሩ ላይ የምትቆምበት ቦታ ስንደርስ እትዬ ጄሚማ እንደ ልማዷ ተናፈጠች። ሥዕሉን ለጋሼ ኤርቲ አቀበልኳቸው። ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል።

«አሁንም በዚያው ነው የምትዞረው?» አሉ።

«በዚያው ናት፣ ጋሼ ኤርቲ።»

ሥዕሉን ጭናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ «እኔም አንድ ጊዜ በዚህ ዞሬ ወጥቻለሁ» አሉ። «ጉም ነበረ። ማንም አላየኝም።»

እትዬ ጄሚማ ስኒዋን አስቀመጠች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁለት ቅርጫት ዓሣ ይዤ ተመለስኩ። ሻይ ጠጣሁ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ባሌ አንድ ቀን ተሳስቶ በዚያ ቢዞር ደሴቱን ሙሉ ዞረህ ያማኸው አንተ አልነበርክም?»

«ባልሽ ዓሣ ይዞ አልተመለሰማ።»

እትዬ ጄሚማ የምትወረውረው ነገር ስትፈልግ፣ እኔ ዳቦውን ከአጠገቧ ሳነሳ፣ ሦስታችንም ሳቅ ገደለን። አባትሽ ግን አልሳቀም።

«ኤርቲ ስለፈቀዱ አይደለም የማሳትመው» አለ። «ልጁ ቤቱን ሊያይ ነው እንደዚያ የዞረው። በፀሐይ መንገድ ከዞረ ቤቱ ከጀርባው ይሆናል። በዚህ ከዞረ ግን እናቱን በሩ ላይ ያያታል። እስክትጠፋው ድረስ ያያታል።»

«ማን ነገረህ?» አልኩት። «እሷ እንደሆነች አልነገረችህም።»

«ማንም አልነገረኝም፤ አይቻለሁ።»

ኦስላ፣ አንቺ የሄድሽ ቀን አባትሽ ቤት አልነበረም። ለመርከቦች የሚበራው የመብራት ማማ ጋ ወጥቶ፣ በዚያ ወፍ በሚያይበት የሩቅ መነጽሩ መርከቡን ሲያይ ነበር። መርከቡ በኛ በኩል ሲያልፍ ሰው ሁሉ ነፋሱን ሸሽቶ ወደዚያኛው ጎን ሄዷል አለ። «እሷ ብቻዋን በዚህኛው ጎን ቀረች። ነፋሱ ፊቷ ላይ ነው፣ ፀጉሯን እንኳ አልያዘችም። ቤቱ እስኪሰወር ድረስ ከቦታዋ አልተነሳችም።»

ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር፣ በአንድ ድስት ስንበላ፣ ይህቺን አንድ ነገር አልነገረኝም። ጭልፋው አሁንም እጄ ላይ ነበር። እንግዶቹ ባይኖሩ ኖሮ በጭልፋው ነበር የማወራው። «ይህን አይተህ ነው እሷ ትደውል ስትል የኖርከው?» አልኩት። ሥዕሎቹን በስስ ወረቀታቸው መጠቅለል ጀመረ። እትዬ ጄሚማ እንኳን ወሬዋን ትታ ሾርባዬን ከእሳት ልታወርድ ተነሳች።

በማግስቱ ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወለ። ሥዕሉ እንዳለ፣ ምንም ሳይገላበጥ ይታተም አለ። እኔም ስደሰት፣ አሁን ነገሩ ተቃና ስል፣ ደግሞ ሌላ ደንብ መጣ። ያንን ታውቂዋለሽ፤ የመጀመሪያውን ካርቶን የሚከፍተው መጽሐፉን የሠራው ሰው ነው፣ አዳራሹ ውስጥ፣ የመጀመሪያውንም ቅጂ ለመንደሩ ትልቅ ሰው በእጁ ይሰጣል። እሺ፣ ደንብ ነው። ግን አባትሽ አንቺ ካልመጣሽ አንድም ካርቶን አይከፈትም ብሏል። የሌርዊክ ከተማዋ መጽሐፍ ሻጭ በየቀኑ ትደውላለች። ከኤድንብራ ሁለት ሱቆች አዘዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ለልጆች የንባብ ሳምንት ይፈልገዋል። ግጥም አሳትሞ የሚጠይቀው ሰው ያላገኘ አሳታሚ፣ አሁን ሰው ሲጠይቀው «ይጠብቁ» ይላል።

«ካልመጣችስ?» አልኩት።

«ትመጣለች።»

«ጠይቀሃታል?»

«አንቺ ጻፊላት።»

ይኸው እየጻፍኩ ነው። ትናንት ቢላዋ ይዤ ቀስ ብዬ ክፍልሽ ገባሁ፤ አንዱን ብቻ በጎኑ ከፍቼ አይቼ ልመልሰው። ማሸጊያውን ገና ስነካው ከሳሎን «ሚና፣ ቢላዋውን አስቀምጪ» አለኝ። ጆሮው እንደ ድመት ሆኗል።

ስለዚህ መጽሐፉን ልልክልሽ አልቻልኩም። ማተሚያ ቤቱ ግን ለናሙና ጥቂት ሽፋኖች ለብቻ ልኮ ነበርና አንዱን ሰርቄ አጥፌ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ፊደሎቹን ተመልከቺ፣ ከወረቀቱ ከፍ ያሉ ናቸው። አባትሽ ነው እንደዚያ እንዲሆኑ ያዘዘው። እኔ ለጌጥ መስሎኝ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብዬው ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሻይ ይዤለት ስገባ፣ ሽፋኑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ ስምሽን በጣቱ ሲዳስስ አገኘሁት። ሻዩን አስቀምጬለት ወጣሁ። አንቺም በጣትሽ ሞክሪው።

ስለ መኝታ አታስቢ። አንቺና ሄሚ በኛ አልጋ፣ እኔና አባትሽ ሳሎን። ዓሣ ነባሪዎቹን ከገንዳው አውጥቼ ለቶራ እዚያው ትራስ አነጥፍላታለሁ፣ የአገሩ ልጅ ሁሉ ይቀናባታል። ገላችሁን እትዬ ጄሚማ ዘንድ ትታጠባላችሁ፤ ፎጣውን ከአሁኑ አጥባለች።

አባትሽ «ዘንድሮ ካልተመቻቸው ለከርሞ ይምጡ፣ ካርቶን አይበሰብስም» ይላል። እኔ ግን ዘንድሮ እልሻለሁ። ካርቶኑ እንደማይበሰብስ እኔም አውቃለሁ።

ባሕሩ ይረፍላችሁ፣ ሰማዩ መንገድ ይስጣችሁ። ያ የሳለ እጅሽ አይዛል። ቶራን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ፣ ሄሚንም ወገቡን አሳክሞ እንዲመጣ ንገሪው፤ ካርቶን የሚሸከም ሰው እንፈልጋለን።

እናትሽ ሚና

ቀኑን እንዳልረሳ። ቅዳሜ፣ ጁን 22፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ ለመጥለቅ የምትሰንፍበት ሳምንት ነውና ለአባትሽ ብርሃን አያጥረውም። አንቺም፣ ሄሚም፣ ቶራም፣ አንድም ሰው እንዳይቀር፤ ቅዳሜ፣ ጁን 22።