በከባዱና በቀጭኑ መካከል የሰጠሁት ፍርድ

ዛሬ ሐሙስ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከሱቄ ጀርባ ባለችው መስኮት አልባ የማዳመጫ ክፍል ተኝቼ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ሥራዬ የዲስክ ማጫወቻ መጠገንና የቤት ሲኒማ መግጠም ነው፤ ሰፈሩ «ዳኛው» ይለኛል። ሳንባዬ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ የቀረኝን ጊዜ በአፉ ባይነግረኝም ዓይኑን ከዓይኔ ማሸሹ ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን በቦታው ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ የማስታገሻውን መርፌ እንኳ ቃሌን እስክጨርስ እንድታቆይልኝ ነርሷን ለምኛለሁ። ጸሐፊው የምለውን ሳያሳምር ይጻፍ፤ አራቱ ምስክሮችም ሳያባብሉኝ ያዳምጡ።

አንደኛ፤ ከሱቁ በላይ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ከነዕቃው የወንድ ልጄ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው፤ እናቱም እሱን ስትወልድ ያረፈችው በዚያው ቤት ነው። ልጄ ሆይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልነግርህ ሲገባኝ ያልነገርኩህን ዛሬ ስማኝ፦ እናትህን የገደልካት አንተ አይደለህም። የልደትህ ቀን በመጣ ቁጥር ፊቴ ሲጠቁር ያየኸው በአንተ አዝኜ አይደለም። መኪና ጥራ ስባል «እስኪ ትንሽ እንቆይ» ያልኩት እኔ ነኝ። የመካከለኛው ክፍል ጣራ ያፈሳል፤ ክረምት ሳይገባ አሠራው።

ሁለተኛ፤ ይህ የማዳመጫ ክፍል ከነስክሪኑና ከነስፒከሮቹ፣ የጥገና ጠረጴዛው፣ የብየዳ ካውያው፣ መለኪያውና ካቻቢቴዎቹ፣ እንዲሁም ሁለቱ ማጫወቻዎች የታላቋ ልጄ ናቸው። «አሥራ ሁለት ዓመት ደጃፉን ላልረገጠች?» የሚል ሰው አይጠፋምና ምክንያቱን አስረዳለሁ።

አንደኛው ማጫወቻ ጥቁር ነው፤ ሲያነሡት ወገብ ይፈትናል፤ «ከባዱ» እንለዋለን። ሌላው ብርማ ነው፤ ከመዝገብ ደብተር አይወፍርም፤ እሱ «ቀጭኑ» ነው። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ደንበኞቼን እዚህ ክፍል እሰበስብ ነበር። ሁለቱን በመጋረጃ ጋርጄ፣ አንድ ዓይነት ዲስክ በየተራ አጫውቼ፣ ድምፁ የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ እጅ እንዲያወጡ አደርጋለሁ። ሁልጊዜ ከባዱ ይረታል። እኔም «በዳኛው የተፈተነ» የሚል ጽሑፍ በሱቄ በር ላይ ሰቀልኩ።

ታላቋ ልጄ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በዚህ ጠረጴዛ ሥር ያደገች ናት። እናቷ ስታምጥ በር ላይ ቆማ የሰማች፣ ጩኸቱ ሲቋረጥም የሰማች ልጅ ናት። ጆሮዋ ከእኔ ይበልጥ ነበር። የማሽን ሞተር አዳምጣ «አባዬ፣ ይሄ ሳምንት አይቆይም» ካለችኝ አይቆይም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በሃያ ደንበኞች ፊት፣ ፈተናው ሊያልቅ ሲል ከኋላ ተነሣች። «አባዬ፣ ይሄኮ ፈተና አይደለም» አለችኝ። «የከባዱ ድምፅ ከፍ ብሏል። ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ሁሌ የተሻለ ይመስላል፤ አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ? እኩል አድርጋቸውና እንስማው።» ደሜ ፈላ። ተረቱ አፌ ላይ ነበር፤ ሳላስብ ለቀቅሁት፦ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሲበርድ ፊቷን አየሁት። ያን ተረት ለሌላ ሰው ልጅ ቢተርቱት ጨዋታ ነው፤ ለእሷ ግን ጨዋታ ሊሆን አይችልም ነበር። ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጣ ወጣች። ተከትያት አልወጣሁም፤ ደንበኞች ነበሩብኝ።

ሦስተኛ፤ የሰው ገንዘብ በእጄ የለም፤ የእውነት ዕዳ ግን አለብኝ። እሷ ከሄደች በሦስተኛው ዓመት የከባዱን ሌንስ ልቀይር ከፍቼ ስሞክረው የድምፅ መውጫው በሁለት ነጥብ ከፍ ተደርጎ አገኘሁት። ያደረግሁት ራሴ ነኝ፤ ድሮ ድምፁ ለደከመ አንድ ዲስክ ብዬ ከፍ አድርጌው ረስቼዋለሁ። እኩል አደረግኋቸው። ወንድ ልጄን ከመጋረጃው ኋላ አቁሜ ሃያ ጊዜ እየቀያየረ አጫወተልኝ። አሥራ አንዱን ለየሁ። ደንቆሮም በግምት ይህን ያህል አያጣም።

ፍርድ አላጓድልም፤ በምስል ከባዱ ይሻላል። በጨለማ ትዕይንት የጥቁር ኮት ቁልፍ ሳይቀር ለይቶ ያሳያል፤ የተጫረ ዲስክም አያስመርረውም። ቀጭኑ ቶሎ ይነሣል፤ ማራገቢያ ስለሌለውም አያጉረመርምም። በድምፅ ግን እኩል ናቸው። ልጄ እውነቷን ነበር።

ይህን ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። «ዳኛው ተሳሳተ» ከምባል ልጄ ትቅረብኝ ብዬ መርጬ ነበር ማለት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም። ግራ ጆሮዬ ራሱ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀኙም አፍ ካልተጠጋው አይሰማም። እንዲያም ሆኖ እስከ አምና ድረስ በግማሽ ችሎት ስፈርድ ነበር።

በየፈተናው ከሁሉ ቀድሞ ለከባዱ እጁን የሚያወጣው ወንድ ልጄ ነበር። ሃያ ጊዜ ባጫወተልኝ ቀን «ለመሆኑ ትለያቸው ነበር?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ የምትወደውን ነበር የማውቀው፣ አባዬ» አለኝ። አልወቅሰውም። እኔን ደስ የሚያሰኘውን መናገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አራተኛ፤ በሱቁ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ይውረድ። በምትኩ፣ ሁለቱ ማጫወቻዎች በድምፅ እኩል እንደሆኑ፣ ይህንንም ከሁሉ ቀድማ የተናገረችው ታላቋ ልጄ እንደሆነች፣ ዳኛው ግን በሰው ፊት እንዳዋረዳት በጉልህ ተጽፎ አንድ ዓመት ሙሉ ይሰቀል። ማንበብ የሚፈልግ ሁሉ ያንብበው።

አምስተኛ፤ ልጄ ሆይ፣ ያን ቀን የተናገርኩሽን ቃል በምስክሮች ፊት እሽራለሁ። ይቅር በይኝ። ሳልሞት ብትመጪ ደስ ይለኛል። ከዚህ የተሻለ አነጋገር ፈልጌ አጣሁ።

ከዚህ በታች ያለው በጸሐፊው የተመዘገበ ነው።

ቃሉ ተነብቦለት ካጸናው በኋላ፣ ተናዛዡ ለሴት ልጁ አሁኑኑ እንዲነበብላት ጠየቀ። ቁጥሯ በወንድሟ ዘንድ ነበርና ደውሎ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው ከፈተው። እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንዲህ አለች፦ «ሰምቻለሁ። የማሽኑንስ ያኔም አውቀዋለሁ። ያን ቀን ሰው የሳቀው ግን በእናቴ ምጥ ነው። አልመጣም።» ስልኩም ተዘጋ።

ተናዛዡ አልሰማም። አንገቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ «ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

ከምስክሮቹ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ፣ «ትመጣለች ጋሼ፣ አይዞዎት» አለው። ሌላው ምስክር፣ መምህሩ፣ ወለሉን ያይ ነበር። እኔም የእሷን ቃል ልጻፍ ወይስ የእሱን ቸግሮኝ ብዕሬን ከወረቀቱ አነሣሁ።

በዚህ ጊዜ ወንድ ልጁ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ አፉን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋ።

«አልመጣም አለች፣ አባዬ።»

«አልመጣም?»

«አልመጣም። ሰው የሳቀው በእናቴ ምጥ ነው አለች።»

ተናዛዡ የልጁን እጅ ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዳለችው ጻፈው» አለኝ። «ድርሻዋ ግን አይነካ። ጽሑፉም ይሰቀል።»

እንዳለችው ጽፌ ድጋሚ አነበብኩለት፤ አምኖበት በሁላችንም ፊት ፈረመ።

ተናዛዡ፣ ማጫወቻ ጠጋኙ፦ ፊርማ።

ጸሐፊው፣ ጡረታ የወጣው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ፊርማ።

ምስክሮች፦

ነርሷ፦ ፊርማ።

የሒሳብ መምህሩ፦ ፊርማ።

ዳቦ ጋጋሪው፦ ፊርማ።

ልብስ ሰፊው፦ «ትመጣለች» ያልኩት ሐሰት መሆኑን አምኜ፣ ከመዝገቡም እንዳይሰረዝ ፈቅጄ፣ ፊርማ።