አፍንጫዋ ላይ አበባ

ኅዳር 9፣ 2003

ሳይረሳኝ ቶሎ ልጻፈው። ጠዋት የወጣሁት ወደ ሥራ ነበር። መናኸሪያው ጋ የመኪና ደላላው ክንዴን ያዘኝ። «ፈረንጁ ነገ ይሄዳል፤ ዛሬ ካላየሃት አለቀ!» ፈረንጁ የመንገድ ሥራው መሐንዲስ ነው። መኪናዋ ሱባሩ፣ ሰማያዊ፣ ያገለገለች። እኔ ያሰብኩት እኮ ቪትዝ ነበር። ትንሽ፣ የረጋች፣ ለሰው አባት የምትሆን...

ማየት ምን አለበት ብዬ ሄድኩ። ጎማ አየሁ፣ ዘይት አየሁ፣ ተንበርክኬ ከሥሯ አየሁ፣ በሮቿን አንድ በአንድ ከፍቼ ዘጋሁ። ደህና ናት። «ንዳት» አለኝ ደላላው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ዳገት ላይ ረገጥኩ። መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ ከፊት ቀጭን ፉጨት... ከዚያ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ዳገቱ የት ሄደ? አለቀ እንዴ?

ገዛኋት። ቢሮ ሳልገባ ዋልኩ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፣ ያለ ምክንያት ቀርቼ አላውቅም። ምን ነክቶኝ ነው?

ባለቤቴ የብርጓል ወጥታ ዞረቻት። ኮፈኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«የተቀደደች ነው የገዛኸው?»

«አሠራሯ ነው።»

«ለምን እንዲህ ተሠራ?»

አላውቅም። ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

ኅዳር 11

ፉጨቱ አላስተኛኝም። በሽታ ቢሆንስ? የሚያሳስበኝን ሁሉ በቃሌ ይዤ ጋራዥ ሄድኩ፤ ፉጨት፣ ቀዳዳ፣ የቤንዚን አበላል፣ ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ። መካኒኩ አካለ ወልድ ድሮ የቅኔ ተማሪ ነበር። አሁንም ሲናገር ጥቅስ የሚጠቅስ ይመስላል።

ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ይቺን ከየት አመጧት?» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታቦት ፊት የቆመ ይመስል።

«ታፏጫለች» አልኩት።

«ታፏጭ እንጂ! ቱርቦ ናት። ሌላው መኪና ጢሱን ጥሎ ይሄዳል። እሷ ግን በምትጥለው ጢስ መዘውር ታዞራለች፣ መዘውሩ ደግሞ አየር ይሰበስብና ሞተሩ ውስጥ ይገፋል። ጉልበቷ ከትንፋሿ ነው።»

«ቀዳዳውስ?»

«የተገፋው አየር ይግላል፤ ንፋስ በዚህ ገብቶ ያበርደዋል። አፍንጫዋ ነው ይበሉት።»

አፍንጫ! ለየብርጓል የምነግራት አገኘሁ።

ከዚያ አስጠነቀቀኝ። ዳገት ወጥቼ ስመጣ ወዲያው እንዳላጠፋ። ሞተሩ ሳይረገጥ፣ በሚኒሞ፣ ቆሞ ይቀዝቅዝ አለ። አለዚያ ቱርቦው ውስጥ ያለው ዘይት ይቃጠላል።

«ስንት ደቂቃ?»

«ሰዓት ምን ያደርግልዎታል? አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ገብርኤልን ጨምረው፣ ረጋ ብለው ይድገሙ። ከዚያ ያጥፉ።»

ኅዳር 19

ዘይት ተለወጠ። ካንዴላ ተለወጠ። የአየር ማጣሪያ ከአዲስ አበባ ታዘዘ። ጥላ ብዬ ከባሕር ዛፉ ሥር አቁሜያት ነበር፤ ሙጫው ቀለሟን ይበላል አሉኝ። አነሳኋት። ሸራ አለበስኳት።

ታኅሣሥ 3

ሰፈሩ ስለኔ ያወራል። መኪናዬን አቁሜ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ያዩኛላ። የብርጓል ዛሬ አልቻለችም፤ «ቤት ውስጥ ጸልየህ የማታውቅ ሰውዬ! መኪና ውስጥ ባሕታዊ ሆንክ?» የመካኒኩን ትእዛዝ ነገርኳት። ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን «በል ስትጸልይ እኛንም አስበን» አለችኝ።

ወንድሟ አንሙት ፒካፑን አጠገቤ አቁሞ፣ «አማቼ፣ እንዲህ ያለች ፈረስ ገዝተህ በሶምሶማ? እኔ ብሆን ባሕር ዳር ምሳ በልቼ ተመልሼ ነበር» አለኝ። ይበል። እሱ የፒካፑን ዘይት ያየው መቼ ነው?

እውነቱን እዚህ ልጻፍ። እሑድ ጠዋት ብቻዬን ወጥቼ ያቺ ዳገት ላይ እረግጣታለሁ። አንድ ጊዜ። ስትስብ... እንዴት ያለ ነገር ነው! ጉልበት እንዲህ ጨዋ ይሆናል? አትጮህም፣ አትንቀጠቀጥም። ትሰበስብና ትሄዳለች። ይቺን ያሰበው ሰው ማን ይሆን? እጁን በሳምኩት።

ታኅሣሥ 24

የልጄ የእስከዳር ሠርግ ቀን ተቆረጠ። ጥር 22። ሙሽራው ልጅ ድረስ ይባላል፣ ደብረ ኤልያስ ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው አይገባኝም፤ ምን እያሰበ ነው?

ማታ እራት ላይ፣

«አባዬ፣ ከቤት የምወጣው በአንተ መኪና ነው።»

ደስ አለኝ። ሊደበቅልኝ አልቻለም፣ ጥርሴ ታየ መሰለኝ።

«ማን ይነዳታል?»

«ድረስ።»

ጉርሻዬን ተውኩት። «ሙሽራ ይነዳል እንዴ? ሚዜ የለም?»

«ለባዕድ አትሰጥም ብዬ ነዋ። የቢሮውን መኪና ሁልጊዜ የሚነዳው እሱ ነው።»

«እኔ እነዳለሁ።»

የብርጓል ሳህኑን አስቀመጠች። «የሙሽሪት አባት ሹፌር? የት አገር አይተህ ነው? አንተ እቤት ቀርተህ እንግዳ ታስተናግዳለህ፣ ታለቅሳለህ። ሥራህ እሱ ነው።»

የደብረ ኤልያስ መንገድ ጠጠር ነው። አቧራ ነው። ከብት ነው፣ አህያ ነው፣ ጉድጓድ ነው፣ ዳገት ነው። ያን ሁሉ ያንን ልጅ አምኜ? መኪናዋንም፣ ልጅቱንም፣ በአንድ ቀን?

ጥር 8

ፈተንኩት። እሑድ ነው፣ መንገዱ ጭር ያለ። ቁልፉን ስሰጠው እጄ ለቅቆ አልሰጥ አለ። የማይደረገውን ነገርኩት፤ ሳትሞቅ አትረገጥም፣ ጉድጓድ በሰያፍ ይታለፋል፣ ፍሪሲዮን ላይ እግር አይረሳም፣ ወዲያው አትጠፋም። «እሺ ጋሼ።» ሌላ የለም። እሺ ጋሼ ብቻ።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እሷን ልስማት?»

«ምን?!»

«ልሳማት» ያለ መሰለኝ! ደሜ ፈላ። ልጄን ከኔ ጠይቆ ሊስም ነው? እኔን አጠገቡ አስቀምጦ?

ልጁ ደንግጦ መኪናዋን አቆመ። «ሬዲዮኑን ልዝጋው ለማለት ነው ጋሼ። ዳገት ላይ ድምጿን ካልሰማሁ ማርሽ መቼ እንደምቀይር አላውቅም።»

ልስማት። ልስማት ነው ያለው።

ሳቅ ያዘኝ። እሱም መጀመሪያ ፈራ፣ ከዚያ ፈነዳ። መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ለካ መሳቅ ይችላል። ሬዲዮኑን ዘጋ። አነሳት። ፉጨቷ ሲጀምር አንገቱን ዘንበል አደረገ... እኔ እሑድ እሑድ የማደርገውን። ዳገቱን ስንጨርስ «ጎበዝ ናት» አለ። ይኸው ነው የተናገረው። በቃኝ።

ይንዳት።

ጥር 22

ሳልተኛ ልጻፍ።

ጠዋት አጥቤ፣ ወልውዬ፣ በአሮጌ ሸሚዜ አድርቄ ለአስጌጯ ሰጠኋት። ሴትየዋ ሪባን አሰረች፣ ፊኛ አሰረች። ትልቁን አበባ የት እናድርገው ስትል ቀዳዳውን አየች። «እንዴ! ለአበባ ብለው ሠርተውታል?» እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ግንዱን እያጣጠፍኩ ወደ ውስጥ የሰካሁት እኔ ነኝ። ቁጭ ብሎ ሲያምር! ምን ያህል እንዳማረች... ሰማያዊ ላይ ነጭና ቀይ።

ሙሽራው መጣ፣ ተዘፈነ፣ ተለቀሰ፣ እስከዳር ጉልበቴን ስማ ተነሳች። ድረስ ሞተሩን አስነሳ። ወጡ። አንሙት በፒካፑ ከኋላ፤ «ከቆመች የምጎትታት እኔ ነኝ!» እያለ።

ድንኳን ውስጥ ጠላ እያስቀዳሁ ነበር። ድንገት ትዝ አለኝ።

አፍንጫዋን ደፍኜባታለሁ።

በገዛ እጄ! ሁለት ወር እንደ ሕፃን ይዤያት... ድረስ ጋ ደወልኩ። አያነሳም፤ ዘፈን ነው፣ ክላክስ ነው። እስከዳር ጋ ደወልኩ። ስልኳ የብርጓል ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። ከድንኳኑ ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ዳገቱ ላይ ብትቆምስ? ሞተሩ ቢግልስ? ቢነድስ? ልጄ በዚያ ሁሉ ቀሚስ እንዴት ትወርዳለች? አንድ ሽማግሌ መጥተው ትከሻዬን ያዙ፤ «አይዞህ፣ ሴት ልጅ ወልዶ ይኼ አይቀርም።» ምን ልበላቸው? አበባው ነው ልበል? አለቀስኩ። ለየትኛዋ እንደማለቅስ እኔም አላውቅም።

እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ በሰላም አግቢልኝ፣ ለየካቲት በዓልሽ ባለ ወርቅ ዘቦ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ሰው እንደማናግር ጮክ ብዬ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ስልኩ። በድረስ ቁጥር፣ እስከዳር።

«አባዬ! አበባውን ቀዳዳው ውስጥ የሰካው ማነው?»

«... እኔ።»

«አንተ?!» ሳቋ። «ዳገቱ ላይ ደከመች። ድረስ ዘፈኑን አስጠፋ፤ ዝም በሉ፣ ትንፋሽ አጥሯታል አለ። ከነካባው ወርዶ ኮፈኑ ላይ ተደፋ እኮ! አጃቢው ሁሉ ቆመ። አጎቴ ገመድ ይዞ እየሮጠ መጣ።»

«አበባውስ?»

«ጭኔ ላይ ነው። ኡ፣ ከዚያ በኋላማ! አጎቴን አቧራ አበላነው። ደርሰናል አባዬ። ሰላም ነን።»

ጥር 24

መልስ ዛሬ ነበር። ገና ከሩቅ በፉጨቷ አወቅኋት። አቧራ ለብሳለች፤ አልከፋኝም። አንሙት ከሁሉም ቀድሞ ስለ እሷ ያወራል፤ የሱ ይመስል። «እንዲህ ያለ መኪና አላየሁም» ይላል ለእንግዳው።

ድረስ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበልኝ። አየሁት። ከዓይኑ ሥር ድካም አለ፣ ጥፍሩ ውስጥ ዘይት አለ። ሙሽራ ሆኖ ዘይቷን አይቷል ማለት ነው።

«ይዛችኋት ተመለሱ» አልኩ።

የብርጓል ዞር ብላ አየችኝ። እስከዳር «እስከ መቼ?» አለች።

«እኔ እንጃ። እሱ ደግሞ አንቺን መንዳት ያስተምርሽ።»

ማታ ወደ መኪናዋ ቦታ ወጣሁ፤ ሸራው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባዶ ነው። ደህና ነኝ። ነገ ቢሮ በእግሬ እሄዳለሁ።

ሠርጉ አለቀ፣ ድንኳኑ ተመለሰ፣ የአስጌጯም ዋጋ ተከፈላት። የኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ግን ገና አልገባም።