በአንገቴ ስለተሸከምኩት ድንጋይና ስላልተከፈተው ፖርት

ቁጥር፦ እስካሁን የሰጠኝ የለም
ቀን፦ ሰኔ 22 ቀን 2009 ዓ.ም.
ቢቸና

ለክቡር አቶ ደምለው
የጮቄ መስመር ኢንተርኔት አገልግሎት፣ የቢቸና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ቢሮዎ (ካሉ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰቡስ? ከሁሉም በላይ ጉሮሮዎ እንዴት ከረመ? «ነገ ና» የምትለዋን ቃል በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ያለ ድካም የሚያወጣ ጉሮሮ ለከተማችን ቅርስ ነውና፣ ከብርዱም ከአቧራውም ፈጣሪ ይጠብቅልን እያልኩ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ዝቅ ማለቱን ሰሞኑን ለምጄዋለሁ፤ ለምን እንደለመድኩት ከታች ይመጣል።

እኔ ከቢሮዎ አጥር ጀርባ የምኖረው ቀለሙ ሰማው ነኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ እኔና ፈተናው ሳንግባባ ተለያይተናል፤ ስለዚህ በደብዳቤዬ ላይ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ በቀይ እስክሪፕቶ ያርሙልኝ እንጂ «ለሚመለከተው ክፍል» ብለው እንዳይመሩት እለምናለሁ። ከዚህ በፊት አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ወደሚመለከተው ክፍል እንደተመሩ አልተመለሱም። ይኼኛውን ግልጽ አድርጌ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት ቢያንስ የት እንዳለ እንዳውቅ ብዬ ነው።

በሰሌዳው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ነገሩ እንዳይምታታበት ከሥሩ ላስረዳ። አካለ ወልድ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ እኔ ስረብሽ የሚገረፈው እሱ ነበር። በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሞጣ ሄደ፣ እሱም የሞጣ ልጆች በረኛ ሆነ። ባለፈው ታኅሣሥ አይሱዙ ላይ አጣና ሲጭን ከላይ ወድቆ አከርካሪውን ተመታና ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ለእናቱ ለወይዘሮ ፈንታነሽ የነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ «ጣቶቹን በየቀኑ ያሠራ፤ ካላሠራቸው ይደርቃሉ።» የጎማ ኳስ ሰጡት፣ «በረኛ ኳስ ይይዛል እንጂ አይጨምቅም» ብሎ ወረወረው። ያን ጊዜ ነው እኔ የኮምፒውተር የእግር ኳስ ጌም ያሰብኩት። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ጌም ስለሆነ አንዱ ኮምፒውተር አስተናጋጅ ሆኖ ሌላው በኢንተርኔት እሱ ጋ ካልገባ አይጫወትም። የእሱ ኢንተርኔት የስልክ ሲም ነው፣ እንግዳ አይቀበልም። ስለዚህ አስተናጋጁ የእኔ ቤት ሆነ። ከጥር እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፣ ቢቸና ከሞጣ ተጫወትን። ወይዘሮ ፈንታነሽ «ዛሬ ማንኪያ ያዘ» ብለው የደወሉልኝ በመጋቢት ነው።

በሚያዝያ መብረቅ መጥቶ ራውተሬን አቃጠለው። የእርስዎ መሥሪያ ቤት በሦስት ቀን አዲስ ቀየረልኝ። ይህንን ምስጋና ከልቤ ነው የምጽፈው፤ ከዚህ በታች ያሉትን ግን እንዲህ ባለ ልብ አያንብቧቸው።

1ኛ. አዲሱን ራውተር በፓስወርድ ቆልፈው ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ራውተር ማለት የግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል፣ ከውጭ የመጣውን ግን ካልታዘዘ አያስገባም። እኔ የምፈልገው አንዲት ትእዛዝ ነበረች (ፖርት ማለት እንግዳ የሚገባበት በር ነው)፤ «በዚህ የፖርት ቁጥር የመጣ እንግዳ ወደ ቀለሙ ኮምፒውተር ይለፍ።» በአሮጌው ራውተር ላይ በገዛ እጄ በአሥር ደቂቃ ጽፌያታለሁ። አዲሱ ግን ለዘበኛው ትእዛዝ የሚሰጡት እርስዎ ብቻ ሆኑ። ይህም ዘበኛው እኔ ቤት፣ አዛዡ ቢሮ፣ ተጫዋቹ ሞጣ መሆኑ ነው።

2ኛ. ፖርት ለማስከፈት ማመልከቻ፣ ከማመልከቻው ጋር ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ፤ ቀበሌያችን እንዲህ ያለ ምጥቀት ላይ መድረሱን በዚያው ተረዳሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አስረድቼው ሦስት ጊዜ ራሱን ነቅንቆ፣ «ግለሰቡ የቀበሌያችን ነዋሪ መሆናቸውንና ከተጠቀሰው ቁጥር ጋር ምንም ዓይነት ፀብ የሌላቸው መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ ማኅተም መታበት። እርስዎም ተቀብለው ፋይል አደረጉት። ከቁጥሩ ጋር ያለኝ ሰላም አሁንም ፋይል ውስጥ አለ።

3ኛ. ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። በአምስተኛው «ነገ ና» ላይ ትዕግሥቴ አለቀና የስልኬን ሆትስፖት ስም «ደምለው ነገ ና ብሏል» ብዬ ቀይሬ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩት። ዋይፋይ የፈለገ ሠራተኛዎና ባለጉዳይዎ ሁሉ ስምዎን በስልኩ ላይ አገኘው። «አንቱ» ሳልል መቅረቴ ትልቅ ነውር ነበር። እርስዎም «በሽማግሌ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ራውተሩን ማንም አይነካለትም» አሉ። እኔ ይህንን ሳደንቅ ኖሬአለሁ፤ በሌላው አገር ራውተር ሲበላሽ ባለሙያ ይልካሉ፣ በእኛ አገር ሽማግሌ።

ግንቦት 20፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢዎ ተቀመጡ። መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ የሰፈራችን ታላቅ፣ «ልጁ ስድቡን የጻፈው የት ነው?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ስልክዎን አሳዩአቸው። መሪጌታ ስልኩን አገላብጠው አዩና፣ «ይኸ ጽሑፍ በማን ግድግዳ ላይ ነው ያለው?» አሉ። «በአየር ላይ ነው፣ የኔታ» አሉ እርስዎ። «እንግዲያማ አየሩን ጠበል እንርጨው እንጂ ልጁን ምን እናድርገው» ሲሉ እርስዎም ሊስቁ ከንፈርዎ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ አይቻለሁ። ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ግን በወጉ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይገባል። እኔ ደግሞ፣ ይህችን መጻፍ ታሳፍረኛለች፣ በድንጋዩ ፈንታ መብረቅ የበላውን አሮጌውን ራውተር አንገቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። የሰፈር ልጅ ሁሉ አጥሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። መሪጌታ ዓይናቸውን ከደኑ። እርስዎ ተነሥተው ቤት ገቡ፣ ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። መሪጌታ በመንገድ ላይ ያሉኝን እጽፈዋለሁ፤ «አንተ ልጅ፣ የሳቁት እዚህ ናቸው፤ የሚከፍለው ሞጣ ነው።»

በዚያች ቀልድ ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ለአካለ ወልድ ስደውል «እሺ፣ ነገ» ብቻ ይለኝ ጀመር፤ ይህችን ቃል ከማን እንደተማረ እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ቀን ስልኩን ያነሡት እናቱ ናቸው። «ቀለሙ ልጄ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ያችን ጨዋታ በምን እናምጣት?» አሉኝ።  

4ኛ. ሰኔ 11 እውነተኛ ድንጋይ ተሸክሜ ገባሁ። ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን፣ እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ትልቁን ነው የመረጥኩት። ማንም አላጨበጨበም። ጉልበቴ መሬት እስኪነካ ጠብቀው «ይቅር ብያለሁ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ ትንሽ ቀደም ብለው ቢሉት ግን አንገቴ ዛሬ ወደ ቀኝ ይዞር ነበር።

5ኛ. ማክሰኞ ባለሙያዋን የትናየትን ስለላኩልኝ፣ አሁንም በእውነት፣ አመሰግናለሁ። ፓስወርዱን አስገባች። የኮምፒውተሬን የውስጥ ቁጥር መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይቀየር አሰረችው፣ ፖርቱን ከፈተች፣ ራውተሩን አጥፍታ አበራች። በቤት ውስጥ ሞከርን፣ ጌሙ ሠራ። ሞጣ ደወልን፣ አልገባም። የኮምፒውተሬን መከላከያ አጠፋን፣ አልገባም። ከዚያ የትናየት ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ጻፈች፤ ራውተሩ «የእኔ አድራሻ ነው» የሚለውንና የውጭው ዓለም የሚያየውን። አይመሳሰሉም። እስክሪፕቶዋን አስቀምጣ፣ «ቀለሙ፣ አትዘንብኝ። ከሚያዝያ ጀምሮ ይኼ ሰፈር በሙሉ በአንድ አድራሻ ነው የሚወጣው። ከአንተ ዘበኛ በላይ ሌላ ዘበኛ አለ፣ እሱ ደግሞ እኛ ቢሮ ነው። የአንተን ፖርት ሺህ ጊዜ ብንከፍተው ከበላይ ያለው አያሳልፍም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን የሚያዝዘው ደብዳቤ መጋቢት 28 ቀን እንደወጣና በግርጌው የእርስዎ ፊርማ እንዳለበት ማወቅ ችያለሁ። ለደንበኛ የራሱ አድራሻ በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ሊሰጠው እንደሚችልም እዚያው፣ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል። ደብዳቤውን አንብበው ፈርመው ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹንም ድንጋዩንም ያስመጡት ምንም ለማይከፍት ቁልፍ ነው። ሳያነቡ ፈርመው ከሆነ ደግሞ እኔን አሥረኛ ክፍል ላይ ከጣለኝ በሽታ ጋር አንድ ዓይነት ነውና፣ እንደ ወንድም እጅዎን እጨብጣለሁ። የትኛው እንደሚሻልዎ ይምረጡ፤ እኔ በሁለቱም አልጣላዎትም።

ቅዳሜ ሰኔ 17 ኮምፒውተሬን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከደብረ ወርቅ በኋላ ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወረደን። ሞጣ ስደርስ ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ኬብል አገናኘኋቸው፤ ፖርትም ፈቃድም አልጠየቁም። አካለ ወልድ እጁን ኪቦርዱ ላይ ሲያደርግ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አልታጠፉም። በመጋቢት ማንኪያ የያዙት ጣቶች ናቸው። ጣቶቹን ስመለከት አየኝና፣ «ምን ታፈጣለህ? አንተም ሁለቱን እሰርና እኩል እንጫወት» አለኝ። የራሴን ሁለት ጣቶች በክር አሰርኳቸው። ሦስት ለዜሮ አሸነፈኝ። ሆን ብዬ እንዳልተሸነፍኩ ማንም አያምነኝም፣ እሱ ግን አምኗል። ሐኪሙም በማግስቱ፣ «በየቀኑ ከሠሩ ሊመለሱ ይችላሉ፤ በየወሩ ከሆነ ግን አልልም» አለ።

እንግዲህ የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት። ሐምሌ ሲገባ የሞጣን መንገድ ጭቃው ይበላዋል፣ እኔም በየቀኑ ኮምፒውተር ታቅፌ ልሄድ አልችልም። በዚያው ደብዳቤ በሁለተኛው አንቀጽ መሠረት ለቤቴ መስመር የራሱን አድራሻ ይፍቀዱልኝ። አንድ ፊርማ ነው፤ ሳያነቡም ቢፈርሙት አልቀየምም። ነገ እንዳይሉኝ ብቻ።

የሆትስፖቴንም ስም ቀይሬአለሁ፤ አሁን የሚለው «አካለ ወልድ ሞጣ» ብቻ ነው። ዋይፋይ በፈለጉ ቁጥር ያገኙታል።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣ ወደ ቀኝ በማይዞር አንገት፣ በክር የታሰሩ ሁለት ጣቶቼን ከፍ አድርጌ እጅ እነሣለሁ፤

ከአጥርዎ ጀርባ
ቀለሙ ሰማው

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ ቢቸና
ለወይዘሮ ፈንታነሽና ለአካለ ወልድ፣ ሞጣ
ለቀበሌያችን፣ ከቁጥሩ ጋር አሁን ፀብ እንዳለኝ ለማሳወቅ

ማሳሰቢያ፦ ድንጋዩን ከደጅዎ አላነሣሁትም። እናቴ ሌላ የማጠቢያ ድንጋይ አግኝታለች። ፊርማው ከዘገየና የእነዚያ ሁለት ጣቶች ነገር ካበቃ፣ ሞጣ ድረስ የሚሸከመው ሰው ያስፈልገዋል። እንዳይቸገሩ አካለ ወልድን አስቀድሜ ጠይቄልዎታለሁ፤ «ይምጡ፤ ሽማግሌ አያስፈልግም፣ ራውተርም ተሸክመው ቢመጡ አልቀየምም» ብሏል።