ዓይኑ የበራ ዕለት

ለወልቂጤዋ ጣውንቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከረምሽ? ልጅሽስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ሳሏ ተዋት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቡታጅራም ደህና ናት፤ ዝናቡ ብቻ ያሰጣነውን በርበሬ ሳይደርቅ ደረሰበት።

እንዳልደውልልሽ ስልክሽን የሚያነሳው ባላችን ከድሮ ነው። ይህን ደግሞ እሱ እንዲሰማው አልፈልግም። ስለዚህ ወልቂጤ ለሠርግ በምትመጣው በጎረቤቴ በከድጄ እጅ ልኬዋለሁ። ፊደሌ ከመስመር ቢወጣ ታገሺው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀንቼብሻለሁ። ምን አዲስ ነገር አለው ትዪ ይሆናል። ከድሮ አንቺን ያገባ ጊዜም ቀንቼ ነበር፤ ያኛው ግን የማንም ሴት ቅናት ነው፣ ለቅሶው ሲያልቅ ይወጣል። የአሁኑ አልወጣ አለኝ።

ሞራው ዓይኑን ሲጋርደው ወደኔ መጣ። ያንቺ ቤት ደረጃ ይበዛዋል፤ የኔን ግን ግድግዳውንም ራሱ ያቆመው ስለሆነ ያለ መሪ ይገባል፣ ይወጣል። አራት ዓመት አብሮኝ ተቀመጠ። በርበሬ ገበያ ክንዱን ይዤ እገባለሁ። እሱ ዛላውን ሰብሮ ያሸታል፣ እኔ ቀለሙን እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ዋጋ ይቆርጣል። ነጋዴው ሁሉ «የከድሮ ዓይን መጣች» ይለኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝና ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ልትጠይቂው መጥተሽ ስትመለሺ በሩን ከኋላሽ የምዘጋው እየሳቅኩ ነው። ዓይኑ ላንቺ ነበር፣ ሲጠፋ ሰውየው ለኔ ተረፈ እል ነበር በሆዴ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ለጥናት መጡ። ሞራ ያለበትን ሰው መርምረው በዕጣ ለሁለት ይከፍሉታል። ለግማሹ የሁለቱም ዓይኑ ሞራ በአንድ ሳምንት ይገፈፍለታል፤ ለግማሹ አንዱ አሁን፣ ሌላው ከሦስት ወር በኋላ። የትኛው ለሰው እንደሚሻል ሊያውቁ ነው። ለከድሮ አንድ ዓይን ደረሰው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሲስተር ሔራን የምትባል ነርስ ጥያቄ ጠየቀችው። ብቻህን ትለብሳለህ? መንገድ ትሻገራለህ? የሰው ፊት ትለያለህ? እኔ እጁን ይዤ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ማየት የናፈቀህ ምንድን ነው አለችው። ትንሽ እንኳ ሳያስብ «የወልቂጤዋን ፊት» አላት። ልጅቷ እኔን አይታ ደነገጠች መሰለኝ፣ እሷስ አለችው። «ባሂራን? እሷን መች አጣኋትና!» ብሎ ሳቀ።

እጄን ከእጁ አወጣሁ። 

በማግስቱ አንቺ መጣሽ። ገና ከበሩ በሽቶሽ አወቅኩሽ። ምን ለብሰሽ እንደነበር አሁን ብትጠይቂኝ አላውቅም፤ ብቻ ደማቅ ነገር ነበር። ሔራን ፋሻውን ፈታችለት። እንባው ወረደ፣ ጨፈነ፣ ገለጠ፤ ስምሽን ጠራ። የመጀመሪያ ቃሉ ስምሽ! አራት ዓመት ክንዱን ይዤ ገበያ ስመራው የኖርኩት እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ አፍጥጦ ቀረ። አላወቀኝም። እሱ የሚያውቀው ፊት እንዲህ አልተሸበሸበም ነበር። ያንን ስንት የተደከመበትን ዓይን መልሶ ጨፈነና እጁን ዘረጋ፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን ዳሰሰ። «አዎ፣ ባሂራ ናት» አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺም ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ።

የሳቅሽብኝ መስሎኝ ስረግምሽ ከረምኩ። በማግስቱ ከድሮን ይዘሽው ስትሄጂ ከድጄ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነበረች። እሱ በመስኮት ያየውን ሁሉ እንደ ሕፃን ሲቆጥር፣ አንቺ እስከ ወልቂጤ ስታለቅሺ ነበር አለችኝ። ሰውየውን ወስደሽ፣ ስምሽ ተጠርቶልሽ፣ ምን ጎድሎሽ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እኔ አሁን ገበያ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ገበያ ቀይ ነው ብዬ የገዛሁትን በርበሬ ሰዎቹ የጠቆረ ነው አሉኝ። ተጣላኋቸው። ቤት ገብቼ ዛላውን ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ባየው ባየው አልለይልሽ አለኝ።

ሔራን የዚያን ጊዜ አስታማሚዎቹንም መርምራ ነበር። የነገረችኝን ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት ደውላ ቀን ሰጠችኝ፤ የከድሮ ሁለተኛ ዓይን በሚሠራበት ሳምንት ነው። የሚመራሽ ሰው ይዘሽ ነይ፣ ባለቤትሽ ነው ወይ አለችኝ። አይደለም አልኳት።

ሞራው እኔንም መያዙን ቢሰማ ግድ የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አትንገሪው። ያን ሁሉ ቀለም ስነግረው ምን ያህሉ በግምት እንደነበር እንዲያውቅ አልፈልግም።

ስለዚህ አንቺ ነይ። ክንዴን ያዢኝ። በሠርግሽ ዕለት ተሸፍነሽ ገባሽ፣ እኔም በንዴት ጀርባዬን ሰጠሁሽ፤ በኋላ ልይሽ ስል ጭጋግ ሆንሽብኝ። ፋሻዬ ሲፈታ ፊት ለፊቴ ቁሚ። ያ ሰው እንዲያ የናፈቀውን አንዴ አጥርቼ ልየው። የምቀናም ከሆነ አይቼ ልቅና።

አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ መንገዱን ያቅልልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

ታላቅ ጣውንትሽ
ከቡታጅራ