በሩ ላይ የተጻፈችው ኮከብ

እህቴ ድንቡሼ፣ እንዴት ከረምሽልኝ?

እኛን የዲግሪ ተማሪዎች ባስገቡን የሥነ ፈለክ ምርምር ውስጥ፣ ቴሌስኮፕ ላይ ተጥጄ የምውል እንዳይመስልሽ፤ መስኮት በሌለው ክፍል ሦስት መቶ የከዋክብት ፎቶ ሳመሳክር ነው የምውለው። ትናንት አዲስ ነጥብ አየሁና «አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ። ፕሮፌሰሯ ጠጋ ብለው አዩና «የኔ ልጅ፣ ካሜራው ላይ ያረፈ አቧራ እኮ ነው» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! እኛ ጋ ስህተት ቶሎ በላጲስ ይጠፋል፤ እዚህ ግን ስም ወጥቶለት በሩ ላይ ይጻፋል። የፕሮፌሰሯም ስህተት አለ፣ ከሁሉም በላይ ተጽፎ። የኔን አቧራ «ድንቡሼ» አልኳት።

ሦስት መቶውን ፎቶ ዛሬ እንደገና ከአንድ ጀምሬያለሁ፤ ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፣ እማዬን ሳሚልኝ። እውነተኛዋን ኮከብ ሳገኝ ግን ስሟ የእማዬ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።